ግማሽ ካልኩለስ

ሰኞ፣ የእረፍቱ መጀመሪያ

ሁሉም ሄደ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ አረፈደና ከሰዓት በኋላ ጭጭ አለ። አራት አልጋ ባለበት ክፍል አንሶላ የለበሰው የኔ ብቻ ነው።

እቤት ያልሄድኩት ለማጥናት ነው። አባቴ በስልክ "እዚህስ አይጠናም?" አለኝ። አባቴ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነች የአየር መሙያው ሞተር ሲነሳ ግድግዳው አብሮ ይነሳል። ትንንሾቹ ወንድሞቼ ደግሞ ከሞተሩ ይብሳሉ። "አይጠናም አባዬ" አልኩት። "ምግብ ብቻ እንዳትዘልዪ" ብሎ ዘጋው።

ካልኩለስ አንድን በሲ አልፌያለሁ። ካልኩለስ ሁለት ከእረፍት መልስ ይጀምራል፤ ግን መምህሩ ሊበትኑን ሲሉ፣ "ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ ጠዋት ፈተና አለ፤ አብዛኛው ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ነው። ከግማሽ በታች ያመጣ ካልኩለስ አንድን ይደግማል" አሉ። ሰውየው አይቀልዱም። መድገም ማለት ዓመት ማቃጠል ነው፤ ምህንድስና ላይ ዓመት ያቃጠለ ሰው ደግሞ ቦታውን ሌላ ይወስድበታል። የአባቴ ደንበኞች በሙሉ ልጁ መሐንዲስ ልትሆን እንደሆነ ያውቃሉ። ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ ይነገረዋል።

ሦስት ሳምንት አለኝ። ይበቃል።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዴሪቬቲቭ ሠራሁ። አንድም አልሳትኩም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ዛሬ ኢንተግራል ጀመርኩ። ጀመርኩ ማለት ገጹን ገለጥኩት።

እዚህ እውነቱን ብጽፍ ማንም አያነበው። ካልኩለስ አንድን የተማርኩት ግማሹን ነው። ግማሹ የጎረቤቴ ነው።

ጎረቤት የምላት አልጋዋ ካልጋዬ ጎን ስለነበር ነው። እሷም እኔን እንዲሁ ትለኛለች፤ "ጎረቤት፣ ተኛሽ እንዴ?" መጽሐፉ ሲወፍርብን ተካፈልነው። ሊሚትና ዴሪቬቲቭ የኔ፣ ኢንተግራል የሷ። እያንዳንዳችን ድርሻችንን አጥንተን ለሌላዋ እናስተምር ነበር፤ መጽሐፉን ሳንገልጥ፣ በቃል። የክፍላችን ልጆች "የተፋቱ ባልና ሚስት ንብረት ሲካፈሉ እንዲህ ናቸው" እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም እንስቃለን። እሷ ስታወራ ኢንተግራል እንደ ተረት ይገባኛል። ፈተና ላይ ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከፈተናው ስወጣ ድምጿም አብሮ ወጣ።

ማታ የካልኩለስ ሁለትን ማውጫ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ኢንተግራል ነው።

ሐሙስ

ጎረቤቴ የለችም። እረፍት ስለሆነ አይደለም፤ ኮሌጅ ቀየረች። እቤቷ አጠገብ ያለ ኮሌጅ፣ ሂሳብ አያያዝ። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰን ደረጃው ላይ ቆመን ነው የነገረችኝ። "ለቤት ቅርብ ይሻላል" አለች። ቅርብ! ሰው ለቅርበት ብሎ ምህንድስና ይተዋል? ሌላም ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እኔ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብያት ጥያት ሄድኩ። "እንኳን ደስ ያለሽ" ክፉ ቃል አይደለም።

ባለፈው እረፍት እነሱ ቤት ነበርኩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ስንጨቃጨቅ ከስፌት መኪናው ቀና ብለው፣ "እናንተ ልጆች፣ ይሄ ነገር ሲያልቅ ይለበሳል ወይስ ይበላል?" ይሉናል። የቀሚሴን ጠርዝ ሳልጠይቃቸው ሰፍተውልኝ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ አገኘሁት።

ዘንድሮ ነይ አላለችኝም።

አርብ

ስልክ ጠራ። እሷ ናት። እያጠናሁ ስለነበር አላነሳሁም።

(ካልሲ እያጠብኩ ነበር።)

ቅዳሜ

ደግማ ደወለች። ደግሜ አላነሳሁም። ከዚያ መልእክት መጣ፤ "ጎረቤት፣ ሲመችሽ ደውዪልኝ።"

አልተመቸኝም።

አባቴ ስንኮራረፍ "አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል" ይለን ነበር። የኔ ምሳ በእርግጥም እራቴ ሆነ፤ የተማሪ ምግብ ቤቱ በእረፍት በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው።

እሑድ

ንጋት ላይ ደውላ ነበር፤ ስነቃ አየሁት። በዚያ ሰዓት ማን ይደውላል? ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር አምሽታ አድራ፣ ድንገት ትዝ ብያት ይሆናል። እኔ የሰው ትርፍ ሰዓት መሙያ አይደለሁም።

አስራ ሁለት ጥያቄ ሞከርኩ። ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር የገጠመው አንድ ነው፤ እሱም በዕድል።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

አልደወለችም። ተገላገልኩ።

ረቡዕ

ዛሬም አልደወለችም። ስልኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት አባቴ ጋ ደወልኩ። ይሠራል። አባቴ፣ "ምን ሆነሽ ነው? እሑድ አይደል እንዴ የምንደዋወለው?" ብሎ ደነገጠ። ከዚያ፣ "ያቺ ጓደኛሽስ ደህና ናት?" አለ።

"ደህና ናት።"

"መቼም አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ።

ሐሙስ

በሩን የሚጠብቁትን ሽማግሌ አባባ ቁልፍ እንላቸዋለን፤ የሕንፃው ቁልፍ በሙሉ ወገባቸው ላይ ስለሚንጠለጠል ሲመጡ ከሩቅ ይሰማሉ። ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣

"ብቻሽን ቀረሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ላጠና ነው አባባ።"

"ያቺ ጓደኛሽ እንዴት ሆነች? ሻንጣዋን ስትወስድ ልጅቷ ፊቷ ልክ አልነበረም። እኔ ነኝ እስከ ታክሲው የሸኘኋት። እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።"

"ኮሌጅ ቀይራ ነው" አልኳቸው።

"ኧረ!" አሉ። ቁልፎቻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ኮሌጅ መቀየር እንዲህ ያስለቅሳል?" አሉኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? እኔን ትታ መሄዱ ያን ያህል ካስለቀሳት ባልሄደች ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጥያቄ ላይ ተተከልኩ። ሁለት ኤክስ ሲባዛ በቅንፍ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አንድ፤ ከዜሮ እስከ ሁለት። ቅንፉን ዩ ብዬ ተካሁት። ቀለለ። ሠራሁት። ሁለት መጣልኝ። መጽሐፉ አስራ ሁለት ይላል። እንደገና ሠራሁት፤ ሁለት። ወረቀት ቀየርኩ፣ እስክሪብቶ ቀየርኩ፣ ወንበር ቀየርኩ፤ ሁለት። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሳስቷል አልኩ። መጽሐፍ ተሳስቷል ማለት ስጀምር ነገር እንደተበላሸ አውቃለሁ።

የቸገረው ኩርፊያውን ይውጣል። ደወልኩላት።

በዚያው ማታ

መጀመሪያ ጥሪ ላይ አነሳች። ድምጿ ተዘግቷል። ጉንፋን ይዟት ይመስለኛል።

"ጎረቤት!" አለች። እንዳታስረዝመው ብዬ ቶሎ፣ "አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ስተካ መልሱ ሁለት ይመጣልኛል፤ መጽሐፉ አስራ ሁለት ይላል" አልኩ።

የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ይጎተታል፤ አንዲት ሴት "ውኃ ጨምሩ!" ትላለች።

"ቆይ ልውጣ" አለች። በር ሲዘጋ ሰማሁ። "እሺ፣ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። በተዘጋ ድምጿ ትንሽ ሳቀች። "ወሰኑንስ? ኤክስ ናት ከዜሮ እስከ ሁለት የምትሄደው። ዩ ከየት እስከ የት ትሄዳለች?"

ዩ ከአንድ እስከ አምስት ነው የምትሄደው። አስራ ሁለት መጣ።

"ስትቀይሪ ሁሉንም ቀይሪ፣ አለበለዚያ ምንም አትቀይሪ" አለች። "ልብስሽን ቀይረሽ ጫማሽን ረስተሽ አትወጪም።"

እንደ ድሮው ገባኝ። ሌላም ጠየቅኳት፤ ሌላም። ካርዴ ሊያልቅ ሲል "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ልላት አስቤ ነበር፤ ተቋረጠ። ነገ እላታለሁ።

ቤታቸው ድግስ ላይ ነው። እኔ እዚህ ከአራት አልጋ ጋር ነኝ። ይሁን፤ የሰው ደስታ አይመቀኙም። ትንሽ ግን ይመቀኛሉ።

አርብ

ዛሬም አስተማረችኝ። አሁንም ሰው አለ። አንድ ሽማግሌ "የት ሄደች ልጅቷ?" ሲሉ ሰማሁ፤ እሷ "ጓሮ ነኝ፣ መጣሁ!" አለች፤ ግን አልሄደችም። ሦስት ጥያቄ ሠራን።

ሰላምታውን ረሳሁት።

እሑድ

ጠረጴዛዬ ላይ ማንም ሳይረዳኝ አስር ሠርቼ ስምንቱ ገጠመ! ብቻዬን ጮህኩ። ኮሪደሩ መልሶ ጮኸልኝ። የምነግረው ሰው ስላልነበረ አባባ ቁልፍ ጋ ወርጄ "ስምንት አገኘሁ" አልኳቸው። "ይባርክሽ፤ ምኑን?" አሉኝ።

ሲመሽ ከሷ ጋር ገና ያልተማርነውን የካልኩለስ ሁለትን መጀመሪያ ገለጥን። ሁለት ነገር ተባዝቶ ሲሰጥ አንዱን ዴሪቬቲቭ፣ አንዱን ኢንተግራል እያደረጉ መሥራት ነው። "ይሄን ብቻዬን አልችለውም" አለች፤ "አንቺ ዴሪቬቲቩን ያዢ፣ እኔ ኢንተግራሉን።" ያዝን። ወጣ! ሁለታችንም "ወጣ!" ብለን ጮህን። ወዲያው ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ቆጣ ብላ፣ "ምን ነካሽ አንቺ፣ ዛሬ እንኳ?" ስትል ሰማሁ። ጎረቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይቅርታ፣ አክስቴ ናት" አለችኝና ቀጠልን።

ምን ዓይነት አክስት ናት፣ ልጅ ሳቀች ብላ የምትቆጣ?

ማክሰኞ፣ መጨረሻው ሳምንት

ቀን ቀን ብቻዬን እሠራለሁ፤ ሲመሽ እደውላለሁ። ከሷ ጋር ካላወራሁ ቀኑን ሙሉ ድምፄን አልሰማውም። ትናንት ብቻዬን ሳወራ ራሴን ያዝኩት፤ "እሺ፣ አሁን ምን እንተካለን?" እያልኩ ለባዶው አልጋ።

ለምን ትተሽኝ ሄድሽ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመለሳል። እሷም አንዳንዴ ጥያቄ ጨርሰን "ጎረቤት…" ትልና ትተወዋለች። እኔ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እሄዳለሁ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አሁን ይቅርታ ብትጠይቀኝ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ አላጠናም። ከፈተናው በኋላ ትጠይቀኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ከኋላዋ ዝም ብሏል። እንግዶቹ ሄደዋል መሰል። "ቤቱ ጸጥ አለ" አልኳት። "አዎ፣ ጸጥ አለ" አለች። ቀጥሎ የስድስተኛውን መልስ ጠየቅኳት።

ስልኩን ስዘጋ እናቷን ሰላም አለማለቴ ትዝ አለኝ። ዛሬም! የስፌት መኪናውም አልተሰማኝም። እሳቸው ሲመሽ ካልሰፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ቅዳሜ

ልጆች መመለስ ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ እንደገና የሻንጣ ጎማ አለ። ያለፉትን ዓመታት ፈተና ሠርቼ ከግማሽ በላይ አመጣሁ። ከግማሽ ብዙ በላይ።

እሑድ

ዛሬ ጽሑፌ አያምርም።

ከክፍላችን ልጆች አንዱን ሬዲዮ እንለዋለን፤ እሱ የማያውቀው፣ አውቆም የማይናገረው ወሬ የለም። አገሩ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ተሸክሞ በሩ ላይ አገኘሁት።

"አንቺ! መቼ ተመለስሽ?" አለኝ።

"የት ሄጄ?"

"ለቅሶው ላይ ነዋ። ቀብሩ ላይ ፈልጌሽ አጣሁሽ። ዘግይተሽ ደረስሽ?"

"የማን ለቅሶ?" አልኩ።

ሬዲዮ ዝም ሲል በሕይወቴ ያየሁት ዛሬ ነው። ሻንጣውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። "የጎረቤትሽ እናት" አለ። "አልነገረችሽም? እረፍቱ በተጀመረ ሳምንት፣ እሑድ ንጋት ላይ። ከታመሙ እኮ ቆይተዋል፤ ለዚያ አይደል እንዴ ልጅቷ አጠገባቸው ልትሆን ኮሌጅ የቀየረችው? ሁላችንም፣ መቼም ከሁሉ ቀድመሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ ብለን…" ቀሪውን አልጨረሰውም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ለካ ድግሱ ያ ነበር። ለካ ውኃ ጨምሩ የሚሉት ለሱ ነበር። እናትየው በሞቱ በአራተኛው ቀን ደውዬ መጽሐፉ አስራ ሁለት ይላል አልኳት፤ እሷም ከለቀስተኛ መሀል ተነስታ ጓሮ ወጥታ ወሰኑን ቀይሪ አለችኝ።

እሑድ ንጋት። ያን ስልክ ሳየው ምን ብዬ እንደጻፍኩ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። የነገው የመጀመሪያ አውቶቡስ ጠዋት ነው። ፈተናውም ጠዋት ነው።

ሰኞ

ተፈተንኩ።

አውቶቡስ ተራው ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ሲሳፈር ቆሜ አየሁ። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረኝ!" ይላል፤ ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዞሬ ወደ ፈተናው ሮጥኩ። ለአባቴ ብዬ ነው፤ ያስተማረችኝም እንድፈተን ነው፤ ቢዘገይ ምን ይለወጣል፤ እነዚህን ሁሉ እየሮጥኩ ለራሴ ነገርኩት። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም አላሳመነኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ወሰን የሚቀየርበት ነበር። ቀየርኩት።

ማክሰኞ

ይህን የምጽፈው እነሱ ቤት ነው።

ትናንት ፈተናውን አስረክቤ በቀጥታ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ ልድረስ ስል ስለመሸብኝ እዚህ ከተማ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለች የአባቴ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ድፍረት እስካገኝ ቆይቼ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳሁ። እሷ ራሷ ከፈተችው። ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ ከስቷል። እቅፍ አድርጋኝ ረጅም ጊዜ ቆየን። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከመጀመሪያው ቃል አላለፈም። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። የተከራዩአቸው ወንበሮች ተደራርበው ግድግዳ ጥግ ቆመዋል፤ የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል።

ገና ሳንቀመጥ ስልኬ ጠራ። ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ መቼም ሬዲዮ ነው። "ውጤት ተለጠፈ! አልፈሻል! ሰባ ስምንት!" ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። እሷም ሰማች።

"አለፍን?" አለችና እጄን ጨበጠችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ስጠይቃት ወቀሳ መሰለብኝ፤ አፈርኩ።

"ልነግርሽ ደውዬ ነበር። ደጋግሜ።" ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ። "ከዚያ አንቺ ስትደውዪ ልነግርሽ ወጣሁ፤ አንቺ ደግሞ አስራ ሁለት፣ ሁለት ትያለሽ። እዚህ ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል፤ ያየኝ ሁሉ ያለቅስብኛል። አንቺ ብቻ ነሽ ያላለቀስሽብኝ። ጓሮ ተቀምጬ ስለ ኢንተግራል ሳወራ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን እናቴ ውስጥ ያለች ይመስለኝ ነበር።" እጄን ለቃ፣ "ግን ጎረቤት፣ ያን ሁሉ ቀን አንዴ እንኳ እንዴት ነሽ አላልሽኝም" አለች።

ይቅርታ ብል እሷ ልታጽናናኝ ነው፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን፣ ቢያሳፍርም፣

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"አሁን?" አለች፤ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። ከዚያ ነገረችኝ። ከሕመሙ ጀምራ፣ ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ጀምራ፣ ደረጃው ላይ ልትነግረኝ አፏን ከከፈተችበት ቀን ጀምራ ነገረችኝ። አላቋረጥኳትም። መሸ፤ መብራት ያበራ ሰው አልነበረም። የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በበሩ ፊት ሲያልፍ ሁለታችንም ሰማነው። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። አልተነሳሁም።

ነገ ጠዋት የካልኩለስ ሁለት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው።